ኒላ መጨረሻ ትለብሳለች

«አንድ ሊትር ወተት ለመግዛት ግማሽ ቀን የሚፈጅባት ሴት ናት እንግዲህ ሁለት ልጅ የምታሳድገው» ሲል ሰማሁት። ልጄ ፕራሞድ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ከእህቱ ጋር በስልክ እያወራ ጢሙን ይላጫል። የዚህ የሄልሲንኪ ቤት በር ደግሞ በር አይባልም፤ ሹክሹክታ እንኳ አያስቀርም። ሚስቱ ረምያ ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ ዕቃ ማጠቢያው ፊት ቆማ የልጇን ሳህን ታለቀልቃለች። ሰምታዋለች። ያንን አንድ ሳህን ሦስት ጊዜ አለቀለቀችው፤ ከዚያ አድርቃ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። እኔም ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጬ ሰማሁ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ጆሮዬ ግን ገና ነው። መዋሸት ለምኔ፣ ደስ አለኝ። ልጇ ሚስቱን ሲያማ ሰምታ ደስ የሚላት አማት እንዳትሉኝ፤ ንግግሩ ለጉዳዬ ይመቸኝ ስለነበር ነው።

ጉዳዬ ኡኒ ነው፤ አራት ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ። እኔ ከሕንድ፣ ከኬራላ የመጣሁት ረምያ ሁለተኛዋን ስለወለደች ላግዛት ብዬ ነበር። ሦስት ወር ሞልቶኛል፣ ሰኞ እመለሳለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ እኔና አንዲት ላም ብቻ ነን፤ አንዳንድ ቀን ከላሟ በቀር ቃል የማወራው ፍጥረት የለም። ረምያ በአገሯ ነርስ ነበረች። እዚህ ለመሥራት የቋንቋ ፈተና ማለፍ አለባት፤ መጽሐፉን በገለጠች ቁጥር ግን አንዱ ልጅ ያለቅሳል። እና ኡኒን ለሁለት ዓመት እኔ ልውሰደው አልኩ። በእኛ መንደር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ባልና ሚስት ባሕር ማዶ ይሠራሉ፣ ልጅ አያቱ ዘንድ ያድጋል። ጎረቤቴ ሻራዳ ሦስት የልጅ ልጆች እንዲህ አሳድጋለች። ፕራሞድ ወዲያው ተስማማ። ረምያ «እንዳላችሁ» አለች። የቀረው ወረቀት ብቻ ነው። ልጁ ያለ እናት ያለ አባት ከአገር እንዲወጣ ሁለቱም ባለሥልጣን ፊት መፈረም ነበረባቸው። ፕራሞድ ባለፈው ሳምንት ፈርሟል። የረምያ ቀጠሮ ዛሬ ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ይህ ካመለጠ እስከ ሰኞ ሌላ የለም። ስለዚህ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ይህች ልጅ እንዳትዘገይ።

ከቤት ለመውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀብን። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ይህን ሳይ «ምን ዓይነት መንቀርፈፍ ነው» እል ነበር፤ በሆዴ። ቆይቼ ነው ሥርዓት እንዳለው ያየሁት። ረምያ መጀመሪያ ራሷ እስከ ጫማዋ ትለብሳለች፣ ካፖርቷን ብቻ ሳትቆልፍ ትተዋለች። ቀጥሎ ዕቃው የሕፃኗ ጋሪ ላይ ይሰቀላል፤ ዳይፐሩ፣ ቅያሪ ልብሱ፣ የሚመለሱት የቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት፣ በቆርቆሮ ዕቃ የተያዘ ኢድሊ የሚባለው የሩዝ ዳቦአችን፣ ሙዙ፣ የወረቀቱ ማህደር። ቀጥሎ ኡኒ ነው፤ የሱፍ ሱሪ፣ በላዩ ወፍራም ቱታ፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ በጓንቱ ላይ ሌላ ጓንት። የስምንት ወሯ ኒላ መጨረሻ ናት። አንድ ቀን ለምን ብዬ ስጠይቃት «ቤት ውስጥ ለብሳ ከቆየች ያልባታል አማ፤ ላብ ይዛ ብርድ ላይ መውጣት የለባትም» ብላኛለች፤ አማ የምትለኝ እናቴ ለማለት ነው። እንግዲህ ሁላችንም ታሽገን በሩ ላይ ስንደርስ ኡኒ «ሽንቴ መጣ» አለ። እኔ ጭንቅላቴን ያዝኩ። እሷ ከላይኛው ጓንት ጀምራ ፈታችው፣ አሸናችው፣ መልሳ አለበሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አማ፣ እርስዎስ አይሄዱም?» አለችኝ። አልሄድም ልል ነበር። ሄድኩ።

ውጭው ከዜሮ በታች ስምንት ነበር። ትራም ማቆሚያው ጋ ረምያ የምትቆምበትን ቦታ ታውቀዋለች፤ መካከለኛው በር ልክ ፊቷ መጥቶ ይከፈታል። ጋሪውን አስገብታ ፍሬኑን በእግሯ ረገጠች፣ በዳሌዋ ደገፈችው፣ በአንድ እጇ የኡኒን ኮፍያ ያዘች፣ በሌላው ለእኔ ወንበር አሳየችኝ። እዚህ ከተማ ሕፃን በጋሪ የሚገፋ ሰው ትራም ላይ አይከፍልም። በጉልበቴ የማነክሰው እኔ ግን ሙሉ እከፍላለሁ። አፍንጫው የቀላ አንድ ሽማግሌ ጋሪውን ከላይ እስከ ታች አየና አንድ ነገር አላት፤ እሷም መለሰችለት፤ ያ አፉን ዘግቶ የሚጓዝ ሕዝብ ሁሉ ፈገግ አለ። ምን አለሽ አልኳት። «‘ይሄ ጋሪ ሳይሆን መርከብ ነው’ አለኝ። ‘እንግዲያው የወደቡን መንገድ የዘጋው የእርስዎ እግር ነው’ አልኩት።» እሱም እየሳቀ እግሩን ሰብስቦላታል። የቋንቋ ፈተና አላለፈችም የምትባለው እንግዲህ ይህች ናት።

መጀመሪያ ፖስታ ቤት ሄድን። ከሣጥኑ የወጣው ለኡኒ የታዘዘ የጉዞ ቦርሳ ነበር፤ ቢጫ፣ ትንሽ፣ ጎማ ያለው። ያዘዘችው ራሷ ረምያ ናት። ጎማውን አሽከረከረች፣ ዚፑን ከፍታ ዘጋች፣ ለልጁ ሰጠችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኡኒ ቦርሳውን ከእጁ አልለቅ አለ፤ በበረዶው ላይ እየጎተተ «አቻማ፣ እኔ ሹፌር ነኝ» ይለኛል፤ አቻማ በእኛ ቋንቋ አያት ናት። ቀጥሎ የሕንዶቹ ሱቅ ገባን። የካሪ ቅጠል ሦስት ዩሮ ነው፤ አንዲት እፍኝ። እኔ ግቢ ውስጥ ዛፉ ሙሉ አለ፣ ላሟ እንኳ አትነካውም። መልሺው አልኳት። «ለእርስዎ እኮ ነው፤ ያለሱ ምግብ አይጥምዎትም» ብላ ከፈለች። ሦስት ወር ሙሉ ወጥ ውስጥ የካሪ ቅጠል ሳገኝ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። የሩዙን ከረጢት ጋሪው ሥር አስገባች፤ ወተቱ ከባድ ስለሆነ ስንመለስ እንገዛዋለን አለች።

ቤተ መጻሕፍቱ የልጆች ክፍል ውስጥ ምግብ ማሞቂያ አለ። እዚያ ኒላን መገበች፣ ዳይፐሯን ቀየረች፣ ለእኔና ለኡኒ ኢድሊውን አሙቃ ሰጠችን። እሷ የበላችው ኒላ የተፋችውን ግማሽ ሙዝ ነው። ኡኒ የባቡር ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አንሥቶ «ይሄን እንውሰድ» አላት። መጽሐፉን ተቀብላ የኋላ ሽፋኑን አየች። «ለአራት ሳምንት ነው የሚያውሱን» አለች፤ ለልጁ ይሁን ለራሷ አላውቅም። እሱ እስከ ሰኞ ብቻ ነው ያለው። መጽሐፉን ወስዳ መደርደሪያው ላይ፣ ከነበረበት ቦታ፣ ቀስ አድርጋ መለሰችው። ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር። እሷም የግድግዳውን ሰዓት አይታ «አማ፣ እንነሣ። ፋርማሲ ደርሰን በጊዜ እንገባለን» አለችኝ። በኋላ ነው ይህ ነገር የከነከነኝ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አንድ ትራም አስመልጥ ነበር። ልጅ ይዞ ትራም ማስመለጥ ምን ያቅታል፤ ማንም አይፈርድባትም። እሷ ግን ልጇን ወደሚወስድባት ወረቀት ሰዓቷን እያየች ትሮጣለች፤ ቃል ሰጥታለችና።

ፋርማሲው ጋ ስንደርስ ኒላ ጋሪው ውስጥ እንቅልፍ ወስዷታል። ረምያ ጋሪውን ውጭ መስኮቱ ሥር አቆመችው፣ ፍሬኑን ያዘች፣ ብርድ ልብሱን አስተካከለች፣ የሕፃን ድምፅ የምታሰማዋን ትንሽ መሣሪያ አንዷን የኒላ ትራስ ዘንድ፣ ጥንዷን በራሷ አንገትጌ ላይ ሰካች። ሌላም የማን እንደሆነ የማላውቀው አንድ ጋሪ እዚያው ቆሟል፤ ውስጡ የተኛ አለ፤ እዚህ አገር ሕፃን ውጭ ነው የሚያስተኙት። እቤት በረንዳ ላይ ስታስተኛት ሦስት ወር ሙሉ ስነጫነጭ ከርሜያለሁ፤ እሱስ ቢሆን ቤት ነው፣ ዐይኔ ያያታል። ይህ ግን ጎዳና ነው። ውስጥ ገብተን ቁጥር አወጣን፤ ከፊታችን ስድስት ሰው አለ። የሚገዛው ደግሞ የእኔ የጉልበት ቅባት ነው። ረምያ ኡኒን ይዛ ተራ ስትጠብቅ እኔ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱን ማስታወቂያ ሸፍኖታል፣ ጋሪው አይታይም። ጥቂት ቆይቶ በረዶ መጣል ጀመረ። አላስቻለኝም። ለማንም ሳልናገር ተነሥቼ ወጣሁ።

ልጅቷ ጉንጯ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ላይ አንዲት የበረዶ ቅንጣት አርፋለች። እነሱ ይህን ጤና ይሉታል። እኔ ከብርድ ልብሱ አውጥቼ ሻሌ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ ሸጎጥኳት፤ አልነቃችም። ቀጥሎ ካለው አበባ ቤት ሙቀት ስለነበር ገባሁ። ሻጯ ፈገግ ብላ በርጩማ አቀረበችልኝ። ተቀምጬ በሆዴ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ልጄ እውነቱን ነው አልኩ፤ እኔ ባልኖር ይህች ልጅ ዛሬ በብርድ ሞታ ነበር አልኩ። እንዲያ እያልኩ በመስታወቱ ስመለከት ረምያ ከፋርማሲው ወጣች። መሣሪያዋ የጨርቅ መንኮሻኮሽ አሰምቷት፣ ከዚያ ዝም ብሎባት፣ ተራዋን ጥላ ነው የወጣችው።

አልጮኸችም። ብርድ ልብሱ ተገልጦ ስታየው እጇን ጋሪው ውስጥ ከተተች፤ እስከ ታች፣ እስከ ፍራሹ ሥር፣ ልጅቷ ትንሽ ሆና እዚያ የገባች ይመስል። ቀኝ አየች፣ ግራ አየች። ጎንበስ ብላ የሩዙን ከረጢት ሳይቀር ወደ ጎን ገፍታ ከጋሪው ሥር ፈለገች። ከዚያ ቀና አለችና ኡኒን ሳብ አድርጋ ፊቱን ካፖርቷ ውስጥ ቀበረችው። አጥብቃ ያዘችው፤ ልጁ ቢጫ ቦርሳውን ለቀቀ። ፊቷን ያኔ አየሁት። እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ባል ቀብሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ ፊት ግን አይቼ አላውቅም። ጠዋት ሳህን ስታለቀልቅ፣ «እንዳላችሁ» ስትለን፣ መጽሐፉን ስትመልስ ይህን ፊት ደብቃው ነበር። በሩን እጎትታለሁ፣ ለካ የሚገፋ ነው፤ ሻጯ መጥታ ከፈተችልኝ።

«እዚህ ናት፣ እኔ ዘንድ ናት» እያልኩ ደረስኩ። ረምያ ኒላን ከሻሌ አውጥታ ተቀበለችኝ። አንገቷን አሸተተቻት። ልትሰድበኝ ይገባት ነበር፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ልጅቷ ነቅታ ስታለቅስ፣ እሷ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ወደ እኔ ተመለከተችና «አማ፣ ጓንትዎስ? እጅዎ ቀዝቅዟል» አለችኝ። ጓንቴን ፋርማሲው ወንበር ላይ ረስቼዋለሁ። ገብታ አመጣችልኝ፣ እንደ ኡኒ አለበሰችኝ። ቅባቱ አልተገዛም። «ትራሙ በአራት ደቂቃ ውስጥ ይመጣል» አለች። አሁንም ወደ ቀጠሮው ነው።

ለሰባት ሰዓት ተኩል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቢሮው ደረስን። የተቀበለችን ወጣት ሴት ናት፣ መነጽር ያደረገች፣ ትሑት። ወረቀቱን ዘርግታ፣ ኡኒን በስሙ ጠርታ፣ ስለ ቢጫው ቦርሳ ጠየቀችው። እሱም መለሰላት። ከዚያ ለረምያ ረዘም ያለ ነገር ነገረቻት። ረምያ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ እኔ ዞረች። «‘ይህን የሚፈርሙት በራስዎ ፈቃድ ነው ወይ?’ ትለኛለች» አለችኝ፣ በእኛው ቋንቋ። እኔ ያልጠየቅኳትን ነው የተረጎመችልኝ። ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ኩሽና ስንኖር እንዲህ ዐይን ለዐይን ተያይተን አናውቅም። ኒላን አቅፋለች፣ ብዕሩ በሌላ እጇ ነው። ኡኒ እግራችን ሥር ቦርሳውን ያሽከረክራል። ግቢዬ ታየኝ፤ ኡኒ ከላሟ ኋላ ሲሮጥ፣ ማታ ማታ ጎኔ ተኝቶ ሲያወራ። ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ።

«አስቀምጪው ብዕሩን» አልኳት።

«አማ?»

«አይደለም በያት። በፈቃዷ አይደለም፣ አማቷ ናት የጎተጎተቻት፣ አማቷም ሐሳቡን ትታዋለች በያት። እንዳለ ተርጉሚላት።»

ረምያ አልተረጎመችም፤ አልቻለችም። ሴትዮዋ ግን ሥራዋን ታውቃለች፤ ፊታችንን አይታ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች፣ ከመሳቢያዋ ናፕኪን አውጥታ አቀረበችልን። ለሁለታችንም ደረሰን።

ወተት ሳንገዛ ነው የገባነው፤ ትዝ ያለው ሰው የለም። ማታ ፕራሞድ እንደመጣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ «ስድስት ሰዓት ሙሉ ውጭ ውላችሁ ወተት የለም?» አለ። ቀጥሎ «ተፈረመ?» አለ። አልተፈረመም አልኩት። ወደ ሚስቱ ዞሮ «ቀጠሮው አመለጠሽ ማለት ነው» ሲላት ነው ደሜ የፈላው። «እሷ በሰዓቱ ደርሳለች። የከለከልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ልውሰደው ያልሽ?» አለኝ። ነኝ፤ አሁንም እፈልገዋለሁ፣ ሆዴ ይቃጠላል አልኩት። «ግን የዚህችን ልጅ ውሎ ዛሬ በእግሬ አይቼዋለሁ። አንተ በስልክ የምታወራው ሌላ ሴት ናት። ደግሞ ያ መታጠቢያ ቤት በር ድምፅ አያስቀርም፤ ጠዋት ሁለታችንም ሰምተንሃል።» ልጄ እስከ ጆሮው ቀላ። ረምያ ድስቱን ታማስላለች፤ ቤቱ የካሪ ቅጠል ይሸታል። «ፈተናውን ትለፍ ካልክ መፍትሔው ቅርብ ነው» አልኩት። «ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን አንተ ትይዛለህ፣ እሷ ታጠናለች። ነገ ወተት ትገዛለህ። ሁለቱንም ይዘህ።» የወተት ነገር ምን ያቅታል ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወጡ። ሱቁ ከቤቱ ሁለት ማቆሚያ ነው። ኡኒ ወተቱን የምይዘው እኔ ነኝ ብሎ ቢጫ ቦርሳውን ይጎትታል። ፕራሞድ በጥድፊያ ኒላን ቀድሞ አልብሷት ስለነበር፣ የራሱን ጫማ ሲፈልግ፣ የኡኒን ጓንት ሲፈልግ፣ ልጅቷ በላብ ተጠምቃ አለቀሰች። እኔ ልነሣ ስል ረምያ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። በሩ ሲዘጋ መጽሐፏን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ሻንጣዬ ፊት ተቀምጬ ለኡኒ አስቀድሜ ያስገባኋቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አወጣሁ፤ ካናቴራዎቹን፣ ካልሲውን፣ ለእኛ ሙቀት ብዬ የገዛሁለትን ክፍት ጫማ። ጫማው ሁለት ቁጥር ይበልጠዋል፣ እንዲያድግበት ብዬ ነው። እንባዬ መጣ፤ ለብቻዬ ነው የምሄደው፣ እንባ ቢመጣ አይፈረድብኝም። ረምያ ከመጽሐፉ ቀና ሳትል «ጫማውን ይዘውት ይሂዱ አማ» አለችኝ። «በዕረፍት ሁላችንም ስንመጣ ልኩ ይሆናል። ከበሩ አጠገብ ያስቀምጡልን።» ሻንጣው ውስጥ መለስኩት፣ ከላይ፣ እንዳይጨማደድ በሻሌ ጠቅልዬ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ፕራሞድ ኮፍያው ከራሱ የለም፣ ካፖርቱ ላይ የሕፃን ትውከት አለ። ኒላ ታለቅሳለች። ኡኒ የአንድ እጁ ጓንት የለም፤ እሱ ግን ፊቱ በርቷል። «አቻማ፣ እዪ» ብሎ ቢጫ ቦርሳውን መሬት ላይ ከፈተው። እስከ አፉ በበረዶ ተሞልቷል።

«ወተቱስ?» አልኩ።

ልጄ ከነካፖርቱ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጠ፤ በረዶው ምንጣፉ ላይ እየቀለጠ፣ ጠረጴዛው ዘንድ ያለችውን ሚስቱን ለረጅም ጊዜ አያት። «ረምያ» አላት በመጨረሻ፣ «በየቀኑ ይህን እንዴት ነው የምታደርጊው?»

ረምያ ተነሥታ ኒላን ተቀበለችው፣ የቱታዋን ዚፕ ከፈተችላት፣ አንገቷን በመዳፏ ዳሰሰች።

«ኒላን መጨረሻ አልብሳት» አለችው። ልጅቷን እንዳቀፈች ወደ መጽሐፏ ተመለሰች።